ዝም የተጫነ ሬዲዮ

ጥር 14 ቀን

ይድረስ ለልጄ ለሽቦ፤

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል? እኛ እዚህ ደህና ነን፤ ጣሪያው ብቻ ትንሽ ያፈሳል። ብርዱ ጉልበትህን እንዳይይዝብህ፣ አለቃህም በከፋው ቀን እንዳያገኝህ መርቄሃለሁ።

ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ «ምንሽ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ «የአክስቴ ልጅ ልጅ» ልል ጀምሬ ነበር። ረዘመብኝና «ልጄ» አልኳት። እናትህ ብትኖር አትቀየመኝም። በጥሪ ክፍሉ ጠረጴዛ ሥር ሽቦ ስትልጥ ያደግከው እኔ ዘንድ አይደል? ስሙም የወጣልህ ከዚያው ነው።

ወሬ ልንገርህ። የጭነት ድርጅቱ ተበተነ። ከባድ መኪኖቹ ተሸጡ፤ ያልተሸጡት ለቁራጭ ብረት ሄዱ። ጥሪ ክፍሉን ልብስ ሰፊዋ ተከራይታው፣ እኔ አቧራ በምጠርግበት መስኮት ላይ የሙሽራ ቀሚስ ሰቅላበታለች። በመጨረሻው ቀን ሥራ አስኪያጁ «ለማስታወሻ የምትፈልጊው ነገር ካለ ውሰጂ» አለኝ። የግድግዳውን ሰዓት የማነሳ መስሎት ነበር። እኔ ሾፌሮቹን የምጠራበትን ሬዲዮዬን ታቅፌ ወጣሁ። ሾፌሮቹም የየመኪናቸውን ሬዲዮ እየፈቱ ወስደዋል አሉ፤ አንዱማ ዶሮ ቤት ውስጥ ነው ያኖረው። እኔን ደግሞ ስሙ ተከትሎኝ ቤት ገባ። እነሱ መንገድ ላይ ሆነው «ማዕከል፣ ማዕከል» እያሉ ሲጠሩኝ ኖረው፣ ዛሬ ባለሱቁም ማዕከል ነው የሚለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ጉሮሮዬ ውስጥ የበቀለ ነገር አለ። ሐኪሙ መቆረጥ አለበት ይላል። ከተቆረጠ እኔ እተርፋለሁ፤ ድምፄ ግን ሊመለስም ላይመለስም ይችላል። አስብበታለሁ ብዬው ወጥቻለሁ። ይህን አንድ ጊዜ ጻፍኩልህ፤ በደብዳቤህ ደግመህ እንዳታነሳብኝ። ያነሳህ ቀን መልስ አታገኝም።

የምፈልገው ይህን ነው። ድርጅቶች የጣሏቸውን መገናኛ ሬዲዮዎች እየፈታህ ለአማተሮች እንደምታበጅ ጽፈህልኝ ነበር፤ ለሥራ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው በሬዲዮ ለሚነጋገሩት ሰዎች። የእኔንም እንደዚያ አድርግልኝ። ድምፄ አብሮኝ ሳለ አንዴ ልጠራህ። ስልክ እንዳትለኝ። ስልኩ ያለው ባለሱቁ ዘንድ ነው፤ ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ አፍ አፌን ያየኛል፣ ሂሳቡም ጤና ይስጥልኝ ሳትል ያልቃል።

ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ።

እትዬህ


የካቲት 9 ቀን

ለምወድዎትና ለማከብርዎት እትዬ፤

ይህ ወረቀት ደጅዎ ሲደርስ እርስዎን በደህና፣ ጣሪያዎንም ደርቆ ያግኝልኝ። እኔ ደህና ነኝ። አለቃዬም ደህና ነው፤ ምርቃትዎ የደረሰው መሰለኝ፣ ሰሞኑን ፊቱ ተፈትቷል።

የምሠራበትን ቦታ ላሳይዎት። ምድር ቤት ነው። ከላይ በጠባቧ መስኮት የሚታየኝ የሰው እግር ብቻ ነው፤ ሲቸኩል፣ ሲያነክስ፣ የዝናብ ውሃ ሲዘል። ሬዲዮዎቹ በሣጥን ተጭነው ይመጡልኛል። አንዱ ከታክሲ፣ አንዱ ከአምቡላንስ፣ አንዱ ከድንጋይ መፍጫ። ክዳናቸውን ስከፍት የነበሩበት ቦታ አብሮ ይወጣል፤ ከአንዱ አሸዋ ይፈስሳል፣ አንዱ አሁንም የናፍጣ ሽታ አለው፣ በአንዱ ጎን ላይ የሾፌሩ ልጅ ሳይሆን አይቀርም፣ ፀሐይ ስላበታለች። ኤሌክትሪክ ስሰጣቸው በድሮው ቻናላቸው ላይ ይነቃሉ። የሚጠራቸው ድርጅት የለም፤ እነሱ ግን አያውቁም፤ ጆሯቸውን አቁመው ይጠብቃሉ። ሥራ ሲያልቅ አንዳንዴ ሁሉንም አብርቼ አምፖሉን አጠፋለሁ። ያ ሁሉ ትንንሽ አረንጓዴ መብራት፣ ከኮረብታ ላይ ሆኜ ያልገባሁበትን ከተማ ያየሁ ይመስለኛል።

ሬዲዮዎ እንደ ጥቁር ትኋን እግሯ የበዛ አንዲት ቺፕ አለችው። የድርጅቱ ቻናልና የመኪኖቹ መጥሪያ ቁጥር የተጻፈው እሷ ላይ ነው። በቦታዋ የምትገባ ሌላ ልኬያለሁ፤ የአማተሮቹን ቻናል ጽፌባታለሁ። ከእንግዲህ ቁጥር ደውሎ መጥራት የለም፤ ቁጥሩ ከአሮጌዋ ጋር ሄዷል። በስም ነው የምንጠራራው። ትርፍ አንዲት ስለጨመርኩ ለፈለጉት ሾፌር ይስጡ። እኔም ከከባድ መኪና የተፈታ የእርስዎን ዓይነት አግኝቼ ለራሴ አበጅቻለሁ።

ፈቃድ የግድ ነው። ከተማችሁ ውስጥ ያለው የቴክኒክ ትምህርት ቤት የሬዲዮ ክበብ አለው፤ መምህሩን ያነጋግሩት። አንድ ሕግ ግን ይወቁ፤ በአማተር ሬዲዮ ስለ ጭነትና ስለ ንግድ መነጋገር ክልክል ነው። የተፈቀደው ስለ አየሩ፣ ስለ ሬዲዮው፣ ስለ ጤና፣ እንዲያው ተራ ወሬ ነው።

ያዘዙኝን አክብሬ ያንን ጉዳይ አላነሳም። ስለ አንቴናው ግን ልጠይቅ። አንቴናው ጠንከር ያለ ምግብ ሲውጥ ያመዋል? ሲተኛ ይመቸዋል?

ልጅዎ ሽቦ


መጋቢት 11 ቀን

ይድረስ ለአስተዋዩ ልጄ፤

እንደ ደብዳቤህ ቀለም የማይደበዝዝ ጤና ይስጥህ። ቺፖቹ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ደረሱኝ። የፖስታ ቤቷ ልጅ ከፍታ አይታ ሸሸች፤ በሽታ የላክህልኝ መስሏታል።

መምህሩ ደግ ልጅ ነው፤ ጢሙ እንደ አዲስ ቡቃያ ሳሳ ያለ። ቺፗን ሲያስገባ ትንፋሹን ይዞ ነበር፤ እኔም አብሬው ያዝኩ። ክበቡ ፈቃድ አለው፤ በክበቡ መጠሪያ እንድናገር አስመዘገበኝ። ሕጉን ሲያነብልኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አስበው እስቲ፤ ዕድሜዬን ሙሉ «ማዕከል፣ ወሬ ቀንሺ፣ ቻናሉ የሥራ ነው» ሲባል የኖረች ሴት፣ ዛሬ በሕግ አንቀጽ ወሬ ብቻ ተፈቀደላት። ሥራ ካወራሁ እቀጣለሁ! ዘግይቶ የመጣ ፍርድ ማለት ይህ ነው።

ጣሪያው ላይ ያለው አንቴና ከእኔ ቤት እስከ ጎረቤት የውሃ ታንከር ተዘርግቷል። ጎረቤቴ የልብስ ገመድ መስሏት የረጠበ ብርድ ልብስ ሰቀለችበት። «የሩቅ አገር ሰው የማናግርበት ነው» ብላት፣ «ብርድ ልብሱ ይደርቅና ታናግሪዋለሽ» አለችኝ። ያ የጠየቅከኝ ሌላው አንቴና ደግሞ ጠንካራውን ትቶ ሾርባ ላይ ነው። ሲተኛ ትራስ ይደርባል።

ትርፏን ቺፕ ለእንቁላል በአውቶቡስ ላክሁለት። ትዝ አለህ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ተብሎ ስም የወጣለት፣ ቁልቁለት እንኳ ሲወርድ ኤሊ የሚቀድመው ሾፌር። ሬዲዮውን ዶሮ ቤት ያኖረው እሱ ነው። ባይናገርም ይስማን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እዚህ ጥላው ወደ በሩ ሲደርስ፣ መምህሩ ሰማዩ ወዳንተ ይከፈታል ይላል። በዚያ ሰዓት እንጠራራ። ትናንት ለመለማመድ ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ፤ እጄ እኔን ሳይጠይቅ ቁልፎቹን በተራ ነካካቸው። ሰው ቤቱ ሲገባ መብራት እንደሚያበራ ማለት ነው።

አንድ ነገር ላክልኝ። ሳልጮህ የሚሰማኝ ማይክ። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ አትጻፈው።

እትዬህ


ሚያዝያ 4 ቀን

ለማከብርዎት እትዬ፤

በዚህ ወረቀት ትይዩ ተቀምጬ እንደማያችሁ ሆኜ ሰላም እላለሁ፤ እርስዎን፣ ጎረቤትዎን፣ ብርድ ልብሷንም። ማይኩን ልኬያለሁ። ከአምቡላንስ የተፈታ ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚናገር ሰው የተሠራ።

ክፍሌ ከሕንፃው ሁሉ በላይ ናት። ሽቦዬን በመስኮት አውጥቼ ከዛፍ ጋር አስሬዋለሁ። አከራዬ ለወፍ ያዘጋጀሁት መቀመጫ መስሏቸው ወድደውልኛል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ አልጋው ላይ ይጋደማል፤ ያኔ እቀመጣለሁ። እርስዎ ከጠረጴዛው ሥር አውጥተው ጭንዎ ላይ እያስቀመጡ እንዳስተማሩኝ ቁልፎቹን በተራ እጫናለሁ። ከዚያ እጠራለሁ።

ያለፉትን ቅዳሜዎች ሁሉ ጠራሁ። ምንም የለም። ሰማዩ እንደ ተነጠፈ አንሶላ ጸጥ ያለ ነው። ምናልባት እንግዳ መጥቶብዎት ይሆናል። ወይም ብርድ ልብሱ አልደረቀም። ወይም ደግሞ ይህ የልጅ ጨዋታ ሰልችቶዎት ከሆነ፣ እኔ አልቀየምም።

ሾርባው ይስማማዋል?

ልጅዎ ሽቦ


ሚያዝያ 29 ቀን

ለሽቦ፤

ሰላም ነህ። ማይኩ ደርሷል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ከእንግዲህ ምንም አትላክ።

እኔም ጠርቻለሁ። የረጠበ ብርድ ልብስ አልነበረም፤ እንግዳም አልነበረብኝም። ሰው መጥራት የማውቀው ሥራ ነው፤ ሲመለስልኝ እንጂ ሲቀርብኝ አላውቅም ነበር። ቅዳሜ ለወጣት ሰው የራሱ ቀን ነው፤ አልፈርድብህም። «ጠራሁ» ማለትህም ለእኔ አስበህ ነው፤ ይገባኛል።

ሐኪሙ ቀኑን አቀረበው። የግንቦት የመጨረሻው ሰኞ ብሎኛል። ሰኞ ግን እኔ ልብስ አጥባለሁ።

እትዬህ


ግንቦት 17 ቀን

ለእትዬ፤

ሰላምታ ለመጻፍ እጄ ስላልታዘዘልኝ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎን በመስኮቷ ሥር ቆሜ አነበብኩት። ላይ እግሮች ያልፋሉ፣ ያልፋሉ፤ አንዳቸውም ወደ እርስዎ አይሄዱም።

ጠርቻለሁ ያልኩት እውነት ነው። አንድም ቅዳሜ አልቀረሁም። እርስዎ ጠርተው ከነበረ፣ እኔም ጠርቼ ከነበረ፣ ድምፃችን የት ደረሰ? ሌሊት በሕልሜ ሁለት ወፎች በአንድ ደመና ግራና ቀኝ ሲተላለፉ አየሁ፤ ክንፋቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

ባለፈው ሣጥን ውስጥ ከመኪና ያልተፈታ፣ እንደ እርስዎ ያለ የጠረጴዛ ሬዲዮ መጣ። ማይኩ ላይ የከንፈር ቀለም አለበት። የማን ማዕከል እንደነበረች አላውቅም። ሌላውን ሁሉ ስበታትን እሷን መፍታት አቃተኝና ጨርቅ አልብሼ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳት።

ሰኞ ልብስ አጥባለሁ ያሉት ገብቶኛል። በደብዳቤ እንዳላነሳ ከልክለውኛል፤ አላነሳም። በሬዲዮ ግን የሚሰማኝ ስለሌለ ያሻኝን እናገራለሁ። ክልከላዎ ሰማይ ድረስ አልተጻፈም።

ሽቦ


ግንቦት 27 ቀን፣ እሑድ

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ፣ ለሞኙ ሽቦ፤

ተቀመጥ። ሰላምታውን በመጨረሻ ታገኘዋለህ፤ መጀመሪያ ይህን ስማ።

ትናንት ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ብከፍት እንቁላል ነው። በአውቶቡስ መጥቶ፣ ከመናኸሪያው እኔ ቤት ድረስ በእግሩ፤ እንደምታውቀው በእሱ እርምጃ ሌላ ጉዞ ነው። ገባ፣ ተቀመጠ፣ ውሃ ጠጣ፣ የጎረቤቶቼን ጤና በየተራ ጠየቀ፣ ስለ ዶሮዎቹ አጫወተኝ። ከዚያ በኋላ ነው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፦

«ማዕከል፣ ለልጁ ለምንድነው የማትመልሺለት?» ያለኝ።

«ለየትኛው ልጅ?»

«ለሽቦ ነዋ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠራሻል። እሱ ሲጨርስ አንቺ ትጀምሪያለሽ፤ አንቺ ስትጨርሺ እሱ ይጀምራል። ጥርት አድርጌ ነው የምሰማችሁ። መጀመሪያ የአማተር ሥርዓቱ እንዲህ ይሆናል ብዬ ነበር። ኋላ ግን ተኳርፈዋል አልኩ። በዘመድ ጠብ መሐል ገብቶ በደህና የወጣ የለም ብዬ ዝም አልኩ።»

እሱ ዝም ሲል የእኔ ዓይን ወደ ሬዲዮው ሄደ። የዝም ቁልፍ ተጭኗል።

ገባህ? የዝም ቁልፍ! ድርጅቱ ቤት ያ ሁሉ መኪና በአንድ ቻናል ሲንጫጫ ራስ ምታት እንዳይገድለን የምንጫነው። እሱ ከተጫነ ሬዲዮው ሰው ቢጮህበትም አፉን አይከፍትም፤ የራሱ ቁጥር ሲደወልለት ብቻ ነው የሚነቃው። ቁጥሩ ደግሞ ከአሮጌዋ ቺፕ ጋር ሄዷል። እኔ ወንበሬ ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር እጄ እሱን ይጫናል፤ ጸጥ ያለ ሬዲዮ ለእኔ ጤነኛ ሬዲዮ ነው። ጭኔ ላይ አስቀምጬ ያስተማርኩህ የመጀመሪያው ትምህርትስ ምን ነበር? «ስትቀመጥ ዝምን ተጫን።» አንተም ይኸው ዛሬ ድረስ ጨዋ ተማሪ ነህ! ሁለታችን በአንድ እጅ አድገን፣ ሁለታችን በሩን ከውስጥ ቆልፈን፣ ሁለታችን ደጅ ያለ የለም ብለን ተቀያየምን። የእንቁላል ቁልፍ ደግሞ ድሮ ወልቋል፤ ዶሮዋ ሳትውጠው አትቀርም። ለዚህ ነው የሚሰማው። እንዳይነግረን የማይኩን ገመድ አይጥ በልቶታል። ጉሮሮዬ እስኪቃጠል ሳቅሁ። እሱ ምን እንዳሳቀኝ የገባው ከምሳ በኋላ ነው።

ሮጥን ባለሱቁ ዘንድ፤ ማለት እኔ ሮጥኩ። ወደምትሠራበት ደወልን። ቅዳሜ ዝግ ናችሁ። ጮኸ፣ ጮኸና ቆመ።

ጥላው በሩ ላይ ሲደርስ ተቀመጥኩ። እጄን በሌላው እጄ ይዤ፣ ቁልፉን ከፈትኩት። ሲንሾካሾክ ሰማሁት፤ ሩቅ የሚዘንብ ዝናብ ይመስል ነበር። ከዚያ ዝናቡ ውስጥ አንተ መጣህ። ድምፅህ ወፍሯል። አባትህን መስለሃል። ጠራሁህ፤ አልሰማኸኝም፤ ያንተ እንደተቆለፈ ነው። መናገርህን ቀጠልክ። እንዲህ አልክ፦

«እትዬ፣ እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ። ድምፅዎ እየጠፋብኝ ነው። የሚሉትን አስታውሳለሁ፣ የሚሉበት ድምፅ ግን እየራቀኝ ነው። ለእሱ ብለው ግን ሐኪሙን እንዳይቀሩ። እኔ ድምፅዎን አይደለም ያሳደገኝ የምለው። ድምፁ ይሂድ፤ እርስዎ ይቅሩልኝ።»

ሽቦ፣ እውነቱን ልንገርህ። ላለመሄድ ወስኜ ነበር። ድምፅ የሌላት ማዕከል ምን ትባላለች? አንድ ጊዜ እንኳ ሳልሰማህ፣ ሳትሰማኝ፣ ያለችኝን ይዤ ልቆይ ብዬ ነበር። ደግሞም ተቀይሜህ ነበር። የተቀየመ ሰው ሐኪም አይሰማም።

አንተ ስትጨርስ እኔ ጀመርኩ። እንደማትሰማኝ እያወቅሁ ጠራሁህ። ስለ ልብስ ሰፊዋ ነገርኩህ፤ ስለ ሙሽራዋ ቀሚስ፣ ለካ ሙሽራዋ ሁለቴ ሐሳቧን ቀይራለች። ስለ እናትህ ነገርኩህ፤ ጥሪ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ስትሰማኝ፣ «አንቺ ስትናገሪ መንገድ ይቀናል» እንዳለችኝ። ስለ ሥራ አንድም ቃል አልወጣኝም፤ ሕጉን አክብሬያለሁ። ድምፄ እስኪዝል አወራሁ። ስዞር እንቁላል ፊቱን በባርኔጣው ሸፍኗል። ምነው ብለው ጉንፋን ነው አለኝ።

ያንተም ቁልፍ ይከፈት። አሁን፣ ይህን ስታነብ፣ ተነስተህ ክፈተው። ቅዳሜ ቅዳሜ አድምጥ። እኔ ባልናገርም የሚናገርልኝ አላጣም።

ሰላምታው እነሆ፤ በሄድክበት የሚሰማህ አትጣ።

ነገ ሰኞ ነው። ልብሱን ዛሬ አጠብኩት።

እትዬህ


ሰኔ 25 ቀን

ለእናቴ ምትክ ለእትዬ፤

የሚያድን እጅ ከእርስዎ አይራቅ። ይህ ደብዳቤ ትናንት በሬዲዮ የሆነውን ለእርስዎ መልሶ መንገር ነው፤ እርስዎ እዚያ ነበሩ፣ ግን እዚህ ሆኖ ምን እንደሚመስል አያውቁትም።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ረቡዕ ነው። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። ሬዲዮው ፊት ቆሜ ቁልፉን አየሁት። በቀን ስንት ሬዲዮ የምፈታ ሰው ነኝ፤ ጤነኛ ሬዲዮ ሰማይ ሲሰማ እንደሚንሾካሾክ ለማንም የማስተምር ሰው ነኝ። ያንን ሁሉ ቅዳሜ ጸጥ ሲለኝ ግን እርስዎ ቤት ያለሁ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር እንጂ አልጠረጠርኩም። ለአለቃዬ ስነግረው ካቻቢቴው ከእጁ ወድቆ ሳቀ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ምሳውን ከፍሎ ሰጠኝ። ያልተነጋገርንበትን ሰኞ አሰብኩና መብላት አቃተኝ። ተርፈው ይሁን አይሁን እንኳ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ቁልፉን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ዝናቡ መጣ፤ እርስዎ እንዳሉት ነው። ብርሃኑ ከአልጋው ላይ ወርዶ ወለሉን ያዘ። ከብዙ ጊዜ በኋላ መምህሩ የክበቡን መጠሪያ ሲናገር ሰማሁ፤ ቀጥሎ ጋሽ እንቁላል መጡ።

«ሽቦ፣» አሉ። ትንፋሽ ወሰዱ። «ማዕከል... እዚህ... አጠገቤ ናት።»

ወንበሩን ይዤው ነበር፤ ያኔ ለቀቅኩት። እርስዎ በወረቀት እየጻፉ እሳቸው እንደሚያነቡልኝ ነገሩኝ፤ ሐኪሙ ገና እንዳይናገሩ እንዳዘዘ። ማንበብ ጀመሩ። እትዬ፣ አንድ ሰው ዓረፍተ ነገር ሲያነብ ወቅት ይቀየራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። «ደህና... ነኝ» ብለው እስኪጨርሱ መስኮቴ ላይ አንዲት ወፍ መጥታ ሄደች። «ጉሮሮዬ... ላይ...» አሉና መነጽራቸውን ፈለጉ። ከኋላ ጠረጴዛ ሲመታ ሰማሁ። «እሺ፣ እሺ፣ እየሄድኩ ነው» አሉ። ደግሞ «ላይ... ያለው...» ካሉ በኋላ ፊደሉ «ቁ» ይሁን «ቀ» ከመምህሩ ጋር ተመካከሩ።

ያኔ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። መምህሩ «እትዬ፣ ኧረ ሐኪሙ» ሲል ሰማሁ። ማይኩ እጅ ቀየረ። ትንፋሽ መጣ፤ ዝናቡን የሚያህል ትንፋሽ። ከትንፋሹ ሥር፣ ከባድ ሣጥን በወለል ላይ እንደሚጎተት ያለ፣ የማላውቀው ድምፅ ወጣ። አላወቅኩትም፤ በሦስተኛው ቃል ግን ማን እንደሆነ ከአነጋገሩ አወቅሁ።

«ሽቦ። አንተ ልጅ። በልተሃል?»

ጣቴ መናገሪያው ላይ ነበር።

«በልቻለሁ እትዬ» አልኩ።

ዋሽቼዎት ነው፤ ከረቡዕ ጀምሮ በደንብ አልበላሁም ነበር። ይህን የምጽፍልዎት በግራ እጄ ዳቦ ይዤ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ለወደቀው ፍርፋሪ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ልጅዎ ሽቦ